ዐሥረኛዋ እንዚራ

ከሉማሜ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለሂዊ፣

እንደምን ከረምሽ። እኔ ደህና ነኝ። የቀረውን ሰላምታ ከራስሽ ጨምሪበት። ድሮ ሰው ሲጽፍ ግማሹን ወረቀት ሰላምታ ይበላው ነበር። እኔ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኋትን ፊደል አንድ አንድ እያነሣሁ ስለማስቀምጥ፣ ቁም ነገሩ ዘንድ ሳልደርስ እጄ ይዝላል። ጸሐፊ ፈልግ እንዳትይኝ። ፊደሌ ቢጎብጥም የራሴ ነው።

ሚሞሪዋን ሾፌሩ አበባው በገበያው ቀን አስረክቦኛል። በክብሪት ቀፎ አድርገሽ መላክሽ ደግ ነው፤ እሱ ግን ሰው መሐል «አያ አምደሚካኤል፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ባዶ ክብሪት የሚልክልዎ ማን ነው?» ብሎ አሳቀብኝ። «ሙሉ ቢሆን አንተ መንገድ ላይ ትጨርሰው ነበር» አልሁት።

ስለ ስልኩ ጠይቀሻል። ኢንተርኔቱ ባይኖርም ተራው ስልክ ሉማሜ ላይ ይሠራል፣ ከጀማለዲን ሱቅ ለምን አይደውሉልኝም ብለሻል። አልደውልም። ፊቱን ለማላየው ሰው መጮኽ አልወድም። ደብዳቤ ይሻላል፤ ሰው ሲጽፍ የሚለውን ያውቃል።

በገናው ደህና ነው። ግድግዳው ላይ ነው።

ራዲዮዬም አልተበላሸም። ማን ነገረሽ? ድምፁ ቀጥኖ ነበር፣ ራሴ ከፍቼ አበጀሁት። አሁን ወፈር ብሎ ይናገራል። ሚሞሪዋን ያጎረስሁት እሱኑ ነው።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። ሁለቱንም ድምፅ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ዳኛ ክሱን ሳያውቅ አይፈርድም። ቁጥር አንድ ምንድን ነው? ቁጥር ሁለትስ? ለምን ሥራ ነው የምትፈልጊው? ጻፊልኝና እፈርዳለሁ። ይህን ጆሮ አንቺም ታውቂዋለሽ። ደብረ ወርቅ ላይ መምህር ወልደ ሰንበት በገና ሲደረድሩ፣ እኔ ከቅጥሩ ውጭ በቅሎ ይዤ ቆሜ «ሦስተኛው አውታር ላልቷል በላቸው» ብዬ ሰው ልኬባቸዋለሁ። ላልቶም ነበር። እስከ ዛሬ ይነገራል።

አያትሽ
አምደሚካኤል


አዲስ አበባ
የካቲት 11 ቀን 2017

ይድረስ ለአባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ሰላምታውን ከራሴ ልጨምርበት ብዬ ጀምሬ ገጽ ሙሉ ሆነብኝና ቀደድኩት።

እንግዲህ ዳኛው ክሱን ይስሙ።

ጊታሬን ያውቁታል። የኤሌክትሪክ ስለሆነ ብቻውን ሲመታ ድምፁ ከዝንብ አይበልጥም፤ የሚናገረው ሽቦው ስፒከር ውስጥ ሲገባ ነው። በመሐል በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን አለ፣ ፔዳል ይባላል። ድምፁ ሻካራ ይሁን ለስላሳ፣ አጭር ይሁን ረጅም፣ አብዛኛውን የሚወስነው እሱ ነው። ቁጥር አንድ ቀይ ሳጥን ነው፣ ቁጥር ሁለት ሰማያዊ። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው። ሻጩ አንድ ቀን ቤቴ ወስጄ እንድቀዳባቸው ፈቀደልኝ። የእኔ አቅም ለአንዱ ብቻ ነው።

ፍቅረ ሥላሴ የሚባል የባንድ መሪ አለ። በጾሙ መድረክ ስለሌለ አሁን ሰው እየመረጠ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ለሚጀምረው ሥራ አንድ ጊታር ተጫዋች ጎድሎታል። ፈተናው መጋቢት 27 ቅዳሜ ነው። ሁለት ነገር ያስጫውታል።

አንዱ ብሉዝ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ የብሶት ዜማ ነው፤ ጣት አውታሩን ወደ ጎን ገፋ ሲያደርገው እንደ ሰው ያቃስታል። ድምፁ በቀስታ ሲነኩት የጠራ፣ ጠንከር ብለው ሲመቱት ግን ጠርዙ የሚሰነጠቅ መሆን አለበት። እንዚራን ያስቡ። በበገናው አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መሐል የምትገባውን ቁራጭ ቆዳ። እሷ ባትኖር አውታሩ አይነዝርም፣ ካልነዘረ ደግሞ በገና አይባልም ይሉኝ ነበር። ብሉዝም እንደዚያ ነው። ትንሽ ንዝረት ከሌለው ውሸት ይመስላል።

ሌላው ጃዝ ፊውዥን ይባላል። ጃዝ ከሌላ ሙዚቃ ጋር ተደባልቆ ማለት ነው። እዚያ ላይ ጣት ይሮጣል፣ ድምፁ ግን መሰንጠቅ የለበትም። ክብ፣ ለስላሳ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የሚቀጥል። ጋልቦ የማያልበው ፈረስ ይበሉት።

ጓደኞቼ ግማሹ ቀዩን፣ ግማሹ ሰማያዊውን ይላሉ። ሃኒ ብቻ «ሁለቱንም ተይና ጫማ ግዢ» ትላለች። ሚሞሪው ላይ በሁለቱም ሳጥን የተጫወትኩት ያንኑ ነው፤ መጀመሪያ ብሉዙን፣ ቀጥሎ ፊውዥኑን። ሁለቱንም ሥራ የሚችለው የትኛው ነው? እኔ የእርስዎ ጆሮ ያለውን እገዛለሁ።

ሂዊ

በገናውን ለጾሙ ያወርዱታል ወይ? «ግድግዳው ላይ ነው» መልስ አይደለም።


ከሉማሜ
የካቲት 20 ቀን 2017

ሂዊ፣

ጾሙን ያስጀመረን በሰላም ያስፈጽመን።

ክሱ ገብቶኛል። ሦስት ቀን አዳመጥሁ። ራዲዮውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ መዳፌን ከላዩ ጭኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሰማሁ። ጎረቤታችን ወለተ ኪዳን እሳት ልትጭር መጥታ ብሉዝ ያልሽው ላይ ደረሰች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?» አለችኝ። «ማንም አልሞተም፣ ሂዊ ናት» አልኋት። ተቀመጠች። ፊውዥን ያልሽው ሲመጣ ደግሞ «ውይ! ሟቹ ተነሥቶ ሮጠ!» ብላ እሳቷን ረስታ ሄደች። እንግዲህ ሁለቱን መለየትሽን በእሷ አወቅሁ።

ፍርዱ ይህ ነው። ቀዩ አይሆንም። ቀዩ ይጮኻል። ብሉዙ ላይ ትንሽ ጠንከር ስትይ የተቀደደ ከበሮ ይሆናል፤ ሩጫው ላይ ደግሞ ጭራሽ ጠጠር የገባበት ወፍጮ ነው። ሰማያዊው ግን ጨዋ ነው። ለስላሳ ነው፣ ይነዝራልም። ንዝረቱ እንደ በገና ከሥር የሚመጣ ነው፣ ዜማውን አይሸፍነውም። ብሶቱንም ሩጫውንም ይችላል። ሰማያዊውን ግዢ።

ቀዩን ያሉሽ ጓደኞችሽ አይፈረድባቸውም፤ የመኪና ጥሩምባ ያደነዘዘው ጆሮ ጩኸት ካልሆነ አይሰማም። ሃኒ የምትባለዋ ቁም ነገረኛ ትመስላለች። ጫማሽ እንዴት ነው?

አያትሽ የብርጓል፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንደ ድሮው በቀኜ ተቀምጣ እንደምትሰማ አድርጌ ነው የፈረድሁት። እሷ አጠገቤ ስትቀመጥ ተሳስቼ አላውቅም።

በገናው ግድግዳው ላይ ነው። ይህ መልስ ነው።

አምደሚካኤል


ከሉማሜ
መጋቢት 4 ቀን 2017

ሂዊ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ጤናዬ አልጠየቅሽም። ደህና ነኝ።

ሰማያዊውን ገዝተሽ ብሉዙን እምቢ አለኝ ነው የምትይው። ልምምድ ላይ ያ ፍቅረ ሥላሴ «ይሄ ብሉዝ አይደለም እመቤት፣ ሎሽን የተቀባ ነው፣ ይንሸራተታል» አለሽ። የነበሩት ሳቁ። ቀዩን ሻጩ ለሌላ ሰጥቶታል፤ ሰማያዊውንም መልሶ አይቀበልሽም። ከዚያ «አባባ፣ በእውነት ንዝረት ሰምተውበታል?» ብለሽ ጽፈሽ በሥሩ አስምረሽበታል።

መስመሩን አይቼዋለሁ።

ሰምቼበታለሁ። የሰማሁትን አልሰማሁም አልልም። ለወረዳ ዳኛ ያላልሁትን ላንቺ አልልም።

እስቲ አስቢው። ሳጥኑ ያው ሳጥን ነው። እዚህ ነዝሮ እዚያ አልነዝርም ካለ የተለወጠው ምንድን ነው? እጅሽ ነው። ቀድተሽ ስትልኪልኝ ብቻሽን ነበርሽ። ሰው ፊት ስትቆሚ ፈራ። በልጅነትሽ በገናውን ስታነሺም እጅሽ ቀላል ነበር፤ የብርጓል «ተዋት፣ ትደፍራለች» ትል ነበር እንጂ እኔ ያኔም አይቼዋለሁ። አውታር የሚፈራውን እጅ ያውቃል። ሳጥን አትክሰሺ።

ይህን ከባዳ ከምትሰሚው ከእኔ መስማትሽ ይሻላል።

አያትሽ
አምደሚካኤል


አዲስ አበባ
መጋቢት 9 ቀን 2017

ይድረስ ለአባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ስላልጠየቅኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ እጄን ሳይ ሰነበትኩ። የሳጥኑን ቁልፎች ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ የጊታሩንም ከፍ ዝቅ አደረግኩ፣ ጠንከር ብዬ መታሁ፣ ቀስ ብዬ መታሁ። ፊውዥኑ ያምራል። ብሉዙ ላይ ግን ያው ነው፣ ይንሸራተታል። ሌላ ሰው «እጅሽ ነው» ቢለኝ እከራከር ነበር። እርስዎ ግን በድምፅ ተሳስተው አያውቁም። ስለዚህ እጄ ነው።

ፈተናው ላይ አልቀርብም። የሃኒ ዘመድ ጊታር ይፈልጋል፤ የእኔን መጋቢት 26 ዓርብ መጥታ ትወስድለታለች። እሷም ልብስ ሱቋ ውስጥ ሥራ አለሽ ብላኛለች። እንዳያዝኑ። ሰው የማይችለውን ማወቁም አንድ ትምህርት ነው ይሉኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት።

መነጽርዎን በአበባው እጅ ልኬያለሁ። ይጠብባል ብለው እግሩን እንዳይጠመዝዙት።

ሂዊ


ከሉማሜ
መጋቢት 15 ቀን 2017

ሂዊ፣

መነጽሩ ደርሷል። ይጠብባል፤ አልጠመዘዝሁትም።

ዳማው በሬ በፊት እግሩ ያነክሳል። ከጎረቤት አቀናጅቼ የላዩን ማሳ አንድ ጊዜ ገልብጬዋለሁ። የማሳ ድንበርተኛዬ ደመላሽ የድንበሩን ድንጋይ እኔ አላነሣሁም ብሎ ሽማግሌ ፊት ማለ። ድንጋዩ በእግሩ አልሄደም። ይሁን እንጂ ሰው እንዲህ በቀላሉ ተሳስቻለሁ እንደማይል አሁን አሁን ይገባኛል፤ ስለዚህ ነገሩን አልገፋሁበትም።

ገብሱ ነቀዝ የለበትም።

ቅዳሜ ባትሪ ልገዛ ሉማሜ ወርጄ ጀማለዲን ሱቅ ገባሁ። ራዲዮውንም ሚሞሪዋንም ይዤ ነበር። «እስቲ የልጅቱን ጊታር እኔም ልስማ» ብሎ በሱቁ ትልቅ ስፒከር ከፈተው። ሁለቱንም ሰማሁ። ከዚያ የእኔን ራዲዮ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ በመፍቻ ከፈተው።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፍ ነገር ነበር። ወረቀቱ አለቀ።

ጊታሩን አትሽጪ። አያትሽ ብሎሻል።

አምደሚካኤል


ከሉማሜ
መጋቢት 19 ቀን 2017

ሂዊ፣

ደብተር ገዝቻለሁ። ከእንግዲህ ወረቀት አለቀ ማለት አልችልም።

ጀማለዲን ሁለቱን ድምፅ በሱቁ ስፒከር ሲያሰማኝ እንደ ልማዴ መዳፌን ስፒከሩ ላይ ጫንሁ። ቀዩ አንቺ እንደጻፍሽው ነው። ጠንከር ስትይ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ መዳፌን ይቆረጥመኛል፤ ቀስ ስትይ ይተወኛል። የተቀደደ ከበሮ አይደለም። ሰማያዊው ግን ምንም የለውም። ውሃ ነው፣ መዳፌ ላይ ፈስሶ ያልፋል። «ስፒከርህ ተበላሽቷል» አልሁት።

«አያ፣ ስፒከሬ ከመጣ ወር አልሞላውም። ይልቅ የእርስዎን እንየው።»

ከፈተውና በሁለት ጣቱ ይዞ አወጣት። «ይኼ ምንድን ነው? አይጥ ናት ያስገባችው?»

እንዚራ ናት። የበገናው ዐሥረኛዋ እንዚራ። ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አምና ራዲዮው ድምፁ ቀጠነብኝ። ዜናውም መዝሙሩም ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ሆነ። በገና ንዝረት ሲያንሰው ቆዳዋን ነው የምናስጠጋው፤ ራዲዮስ ከምን ይለያል ብዬ ከስፒከሩ ወረቀት ሥር ሸጎጥኋት። ነዘረ። ሲነዝር በመዳፌ ደረሰኝ፤ አበጀሁት አልሁ። በገናው እንደሆነ አይደረደርም፣ ቆዳዋ ሥራ ፈትታ ነበር።

ይህን ስነግረው ጀማለዲን እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ዕቃ ሊያነሣ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ መሰለኝ፣ እኔ ዝም አልሁ። ተመልሶ ፊት ለፊቴ መጣና አየኝ። አሁን አይስቅም። «አያ አምደሚካኤል፣ ራዲዮው አልቀጠነም» አለኝ ጮክ ብሎ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የምትሉት እናንተው አይደላችሁ?»

ባትሪውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ስለዚህ ሰማያዊው ላይ የሰማሁት ንዝረት የራዲዮዬ ነው። ቀዩም በራሱ ንዝረት ላይ የራዲዮው ተጨምሮበት ነው የጮኸብኝ። ያንቺ እጅ ከዚህ ነገር ውስጥ የለበትም። ቀላል ነው ያልሁትም ቀላል ስለሆነ አይደለም። መስመር ስላሰመርሽብኝ ነው።

ይህን ለመጻፍ ከቅዳሜ እስከ ዛሬ ፈጀብኝ። የከበደኝ ፊደሉ አይደለም።

ስልክ የማልደውለው ለምን እንደሆነም አሁን ገብቶሽ ይሆናል።

መጋቢት 24

መንገዱ ከተዘጋ አምስተኛ ቀኑ ነው። አበባው መኪናውን አቁሟል። ይህ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው። በመነጽሩ ያንቺን ደግሜ አየሁት፤ ዓርብ መጥታ ትወስዳለች ይላል። ያለፈው ደብዳቤዬ ይድረስሽ አይድረስሽ አላውቅም፤ ቢደርስሽም ለምን አትሽጪ እንዳልሁሽ አልነገረሽም።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ነገ ሉማሜ እወርዳለሁ።


አዲስ አበባ
መጋቢት 30 ቀን 2017

ይድረስ ለአባባ፣

መንገዱ ተከፍቶ ደብዳቤዎ ዛሬ ገባ። ነገሩን ግን ቀድሜ ሰምቼዋለሁ። ሉማሜም በሙሉ ሰምታዋለች።

«አትሽጪ» ብቻ የሚለው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ተናድጄ ነበር። እጅሽ አይሆንም ብለው፣ መልሰው ያዢው ማለት ምንድን ነው ብዬ። ስለዚህ ሐሙስ ስልኩ ሲጮኽ ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከትቼ፣ ዚፑን ዘግቼ፣ በሩ ሥር አቁሜው ነበር። መጀመሪያ ጀማለዲን መጣ። «ሂዊ ነሽ? ቆይ፣ ያዢ። እሷ ናት አያ፣ ይናገሩ!» ከዚያ እርስዎ።

«ሂዊ! እጅሽ አይደለም! ጆሮዬ ነው!»

«አባባ! ምን ሆኑ?»

«ሰማሽ ወይ? እጅሽ አይደለም!»

«ሰማሁ። ደህና ነዎት ግን?»

«ራዲዮው ውስጥ እንዚራ ከትቼበት ነው! የነዘረው ራዲዮው ነው! ጊታሩን እንዳትሸጪ! ሰማሽ?»

ከኋላ አንድ ሰው «አያ አምደሚካኤል፣ ስልኩን ይመልሱለት፣ እንዲያውም ያለ ስልክ ትሰማዎታለች!» ሲል ሱቁ በሙሉ ሳቀ። እርስዎ አልሰሙትም። እኔ ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኩ፤ እሱንም አልሰሙም። «እጅሽ አይደለም»ን ሦስተኛ ጊዜ ደገሙት። የተዉት ጀማለዲን ጆሮዎ ላይ «እሺ ብላለች!» ብሎ ሲጮኽ ነው። እኔ ገና እሺ አላልኩም ነበር።

ሃኒን አልሸጥም አልኳት። «በይ እንግዲህ ጫማሽ ቀረ» አለችኝ።

በማግስቱ ስለ ራዲዮዎ ሳስብ ዋልኩ። ሰማያዊው ሳጥን ብቻውን ብሉዝ አይችልም። በእርስዎ ራዲዮ ላይ ግን ችሏል፤ እርስዎ የሰሙት ውሸት አልነበረም። እንግዲያው የጎደለኝ ሌላ ሳጥን ሳይሆን የተበላሸ ስፒከር ነው።

የልምምዱ ክፍል ጥግ ላይ አሮጌ የጊታር ስፒከር አለ። ወረቀቱ ስለተቀደደ ማንም አይነካውም፣ የሻይ ብርጭቆ ያስቀምጡበታል። ቅዳሜ ቀደም ብዬ ሄጄ ብርጭቆዎቹን አነሣሁ። ፊውዥኑን በሰማያዊው ሳጥንና በደህናው ስፒከር፣ የጊታሩን ቀጭን ድምፅ ቀነስ አድርጌ ተጫወትኩት፤ ማንም ምንም አላለም። ብሉዙ ሲደርስ ሽቦውን ከሳጥኑ ነቀልኩና በቀጥታ አሮጌው ውስጥ ሰካሁት፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩ። ቀስ ስል የጠራ ነው። ጠንከር ስል የተቀደደው ወረቀት ነዘረ።

ፍቅረ ሥላሴ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ። «ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ብርጭቆ ከምታስቀምጡበት።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። «ሰኞ በሦስት ሰዓት ነይ፤ ስትመጪ የራስሽን ሽቦ ያዢ» አለኝ። ትናንት ሄድኩ። እስከ ፋሲካ ያየኛል፣ ከዚያ ይወስናል።

አሁን በስልክ የጠየቅኩዎትን ይመልሱልኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሂዊ


ከሉማሜ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017

ሂዊ፣

እንኳን ደስ ያለሽ አልልም። ሰውየው ገና አልወሰነም ብለሻል። ሲወስን እላለሁ።

ሉማሜ ስወርድ ያየኝ ሁሉ ከመንገድ ማዶ «እጅሽ አይደለም!» እያለ ይጮኽብኛል። አበባው ደግሞ ጥሩምባ እየነፋ ነው የሚለው። ግድ የለኝም። ጮክ ስለሚሉ እሰማቸዋለሁ።

ስለ ጆሮ ሐኪሙ በአበባው በኩል የላክሽብኝን መልእክት ሰምቻለሁ። ከዘር በኋላ እናየዋለን። ቃል አልገባሁም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ስድስት ዓመት ይሆነዋል። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ ቀጫጭኖቹ አውታሮች። የምታውቀው የብርጓል ብቻ ነበረች። እኔ አልነገርኋትም፤ አንድ ቀን ጓዳ ሆና ጠርታኝ ዝም ብላት መጥታ አየችኝ፣ በቃ አወቀች። ከዚያ ወዲያ በገና ስደረድር በቀኜ ትቀመጥ ጀመር። አውታር ሲላላ ሰው ሳያይ ጉልበቴን በጣቷ ትነካኝ ነበር። ሁለተኛው ከሆነ ሁለት ጊዜ፣ ሰባተኛው ከሆነ ሰባት ጊዜ። እኔ እቃኘዋለሁ። ሰው «ወይ የአምደሚካኤል ጆሮ!» ሲል እሷ ዝም ትላለች። እኔም ዝም እላለሁ።

የደብረ ወርቁ ግን የራሴ ነው። ያኔ ጎረምሳ ነበርሁ።

እሷ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። በገናው ግድግዳው ላይ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ትናንት አወረድሁት። አቧራውን ጠረግሁ። ጀማለዲን ቆዳዋን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጥቶኝ ነበር፣ ወደ ቦታዋ መለስኋት። ራዲዮው አሁን ዝም ያለ ነው፤ ሲናገር እንኳ ዝም ያለ ነው። በገናውን ቃኘሁትና ጥቂት ደረደርሁ። ወለተ ኪዳን በደጅ ስታልፍ ቆማ አየችኝና ፊቷን ትንሽ ሰብሰብ አድርጋ ሄደች። ከፊቷ አንዱ አውታር እንደላላ አወቅሁ። ስንተኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። እሷንም አልጠየቅሁ።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ለፋሲካ ነይ። ስትመጪ በቀኜ ተቀመጪ።

አያትሽ
አምደሚካኤል